ራሴን እፍ ያልኩበት ቀን

የአገሩን ስም አልጽፍም። ብጽፈው የዚያ አገር ሰዎች «እኛን ሰደበን» ይላሉ፤ ባልጽፈው ደግሞ የሌላው አገር ሰው ሁሉ «እኛን ነው» ይላል። ሁለተኛው ይሻለኛል፤ ቢያንስ ቅያሜው ለብዙ ሰው ይከፋፈላል።

እኔ በዚያ አገር፣ ሜዳ ላይ በተዘረጋች አንዲት ከተማ፣ ጃንጥላ ጠጋኝ ነኝ። ስሜ ደባልቄ ነው። ትምህርት ቤት አልገባሁም፤ ፊደሉንም ሕጉንም ያወቅሁት ሰዎች የተሰበረ ጃንጥላቸውን ጠቅልለው ከሚያመጡበት አሮጌ ጋዜጣ ላይ ነው። ስለዚህ የማውቀው ሕግ ሁሉ መሀሉ ላይ የተቀደደ ነው።

በከተማዋ አንድ ትልቅ ሾላ አለ። ሌላ ዛፍ የለም ማለቴ አይደለም፤ የሌሎቹ ጥላ ተመዝግቦ ስላላለቀ ገና ሥራ አልጀመሩም። የሾላው ጥላ ግን የራሱ ሹም አለው። የጥላ ሹሙ ልንገረው ይባላል። አብሮ አደጌ ነው፤ ጠመኔ ከተሰጠው ወዲህ ግን ሲያገኘኝ «ግለሰብ» ነው የሚለኝ። ጠዋት ይመጣና የጥላውን ዳር ዳር በጠመኔ ያሰምራል፤ ጥላው ሲሸሽ እሱም እየተከተለ ያሰምራል። እግሩ ከመስመር ውጭ የተገኘ ሰው «ጥላ የለቀቀ» ተብሎ ይመዘገባል። አንድ ቀን፣

«ኧረ ልንገረው፣ እኔ አልተነቃነቅሁም፤ የሄደው ጥላው ነው» ብለው፣

«ጥላው ሹመት አለው፣ የፈለገበት ይሄዳል። መከተል ያለብህ አንተ ነህ» አለኝ።

ከሾላው ሥር አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ አለ፤ ድንጋዩ ላይ የዳማ ሰሌዳ ተፍቆበታል። ማን እንደፋቀው የሚያውቅ የለም። እኛ፣ ማለትም ሥራ ያለውም የሌለውም፣ ከሰዓት በኋላ እዚያ ተሰብስበን በጠርሙስ ቆርኪ እንጫወታለን። አንዱ ቆርኪውን ይደፋል፣ ሌላው ያንጋልላል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ማን እንዳሸነፈ ጽፎ ያስቀመጠ ሰው አልነበረም። የተሸነፈው ይሰደባል፣ ያሸነፈው ይሰደባል፣ ሲመሽ ወደየቤታችን እንሄዳለን።

ዳማ ለማያውቅ አንባቢ አንድ ነገር ልንገር፤ የሚቀጥለው ሁሉ የተበላሸው በእሷ ነውና። በዳማ የባላጋራን ቆርኪ ዘሎ መብላት አለ። መብላት ደግሞ ፈቃድ ሳይሆን ግዴታ ነው። የሚበላ እያለው ሌላ ቆርኪ ያንቀሳቀሰ ሰው፣ አይቶ ይተወው ሳያይ፣ መብላት የነበረበት ቆርኪ ይቀጣል፦ ባላጋራው ቆርኪውን ያነሣና «እፍ» ብሎ፣ አቧራ እንደሚያራግፍ ነፍቶበት፣ ከሰሌዳው ያወጣዋል። ባላጋራው ሳያይ ቀርቶ የራሱን ቆርኪ ከነካ ግን ያለፈው አለፈ። በእኛ አገር ብዙ ሕግ አለ፤ ማንም ሳይከራከር የሚቀበለው ግን ይህን ብቻ ነው። መብላት ሲችል ያልበላ መቀጣት እንዳለበት ሹሙም ሌባውም ይስማማሉ።

ዳማ ያስተማሩኝ ጋሽ ቢረሳው ናቸው። ጋሽ ቢረሳው በደጉ ዘመን የከተማዋ ማሚቶ ነበሩ። አገሩ ሜዳ ነው፣ ድምፅ የሚመልስ ገደል የለውም፤ ስለዚህ አዋጅ ሲነገር ራቅ ብሎ ቆሞ የመጨረሻውን ቃል የሚደግም ሰው ይቀጠር ነበር። «ግብር ክፈሉ!» ሲባል «...ፈሉ! ...ሉ!» ይሉ ነበር። ጆሯቸው እንደ ድመት ጆሮ ነው። ዓይናቸው ግን ደክሟል። ፀሐይ ላይ ከተቀመጡ ሁሉ ነገር ነጭ ሆኖ ይጠፋባቸዋል፤ የተደፋውን ቆርኪ ከተንጋለለው የሚለዩት በሾላው ጥላ ሥር ብቻ ነው። «እኔ ዓይኔ ያለው እዚህ ዛፍ ላይ ነው» ይሉ ነበር።

እንዲህ ስንኖር የአሸናፊዎች ጽሕፈት ቤት የሚባል ተከፈተ። አዋጁ አጭር ነው፦ አሸናፊ የሌለው ስብሰባ ሕገ ወጥ ነው። መጀመሪያ ሳቅን። ቆይቶ ግን ከሠፈራችን አንድ ሰው ሞቶ ለቅሶው ላይ መዝገብ የያዘ ሰው መጣና ያለቀሰውን ሁሉ በደረጃ ጻፈ። ባልቴቷ ሦስተኛ ወጣች። አንደኛ የወጣው ሟቹን የማያውቅ ሰው ነበር።

የእኛም ተራ ደረሰ። ልንገረው ደብዳቤ ይዞ መጣ። ከዳማው ድንጋይ ዙሪያ ያለው ስብሰባ ሠላሳ ዓመት ያለ አሸናፊ መቆየቱ ታውቋል፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ ውድድር ይደረግ፤ አሸናፊው ለአንድ ዓመት የጥላው ባለቤት ይሆናል፤ ማን እንደሚቀመጥና ማን እንደማይቀመጥ የሚወስነው እሱ ነው፤ ውድድሩን አንድ መጻፍ የሚችል ሰው ያዘጋጅ ይላል።

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ።

«ምን ታዩኛላችሁ?» አልኩ።

«ፊደል የምታውቅ አንተ ነህ» አለች እትዬ አመልማል። እትዬ አመልማል ከሾላው ግንድ ተደግፋ ቆሎ ትሸጣለች፤ በዳማ ከእሷ የሚስተካከል ሦስት ሰው አይሞላም፤ በምላስ ግን ማንም የለም። «ዕድሜህን ሙሉ ጋዜጣ ስታነብ ኖረህ አንድ ቀን ለሰው ጥቀም እስቲ።»

ልንገረው ከኪሱ ፊሽካ አውጥቶ አንገቴ ላይ አጠለቀልኝ። በዚያ ቀን ነው ዕረፍት የሄደችብኝ።

መዝገብ ስከፍት ሰባት ሰው ተመዘገበ፤ ጋሽ ቢረሳውና እትዬ አመልማልም አሉበት። ሰባተኛው አቶ መንበሩ ነበር። መንበሩ የቆርቆሮ ነጋዴ ነው፤ የወደደውን ነገር ሁሉ በቆርቆሮ ያጥራል። ሚስቱን ሲያገባ ሰርጉ በቆርቆሮ አጥር ውስጥ ነበር፤ እኛ ውጭ ቆመን እልልታውን ብቻ ሰማን። ዳማ ይችላል፤ ይህን መካድ አልችልም። ስሙን ሲያስጽፍ ቀና ብሎ ሾላውን ከላይ እስከ ታች አየውና፣ «ዙሪያውን ስንት ቆርቆሮ ይፈጃል ትላለህ?» አለኝ።

«ለምኑ?»

«ዝም ብዬ ነው» አለ።

ሰባት ሰው ጎዶሎ ነው፤ ዕጣ ይወጣና አንዱ ሳይጫወት ወደ ሁለተኛው ዙር ያልፋል። እትዬ አመልማል ሰባት የሽምብራ ፍሬ፣ ስድስት ጥሬና አንድ የተቆላ፣ ከረጢት ውስጥ ከታ አዞረች። የተቆላውን ያወጣው መንበሩ ነው። ወዲያው አፉ ውስጥ ጨመረው፤ ማስረጃውንም በላው።

ጋሽ ቢረሳው አጠገቤ ነበሩ። «ማን አለፈ?» አሉ።

«መንበሩ።»

«...በሩ» አሉ፤ ልማድ ሆኖባቸው።

ያን ቀን ቤቴ ገብቼ ቁጭ ማለት አቃተኝ። ስምንተኛ ሰው ቢገኝ ዕጣው ይፈርሳል። ስምንተኛ ሰው ፍለጋ ከተማዋን ዞርኩ፤ የሚችለው ተመዝግቧል፣ የማይችለው ያፍራል። ከእኔ በቀር። ስለዚህ ማመልከቻ ጻፍኩ፦ «ለውድድሩ አዘጋጅ ለአቶ ደባልቄ፤ ከአመልካች ደባልቄ፤ ጉዳዩ፦ ተጫዋችነትን ይመለከታል።» ማመልከቻውን ለራሴ ሰጠሁ፤ ግን አድልዎ እንዳይባል ወዲያው አልፈቀድኩም። ለሁለት ቀን «ጉዳይህ እየታየ ነው» አልኩት። በሦስተኛው ቀን እንደ አመልካች ተናድጄ ሁለተኛ ደብዳቤ ልጽፍ ስነሣ ፈቀድኩ።

መንበሩ ሲሰማ እየሮጠ መጣ። «አዘጋጅም ተጫዋችም? በሁለት ቢላ ልትበላ ነው?»

«አይደለም» አልኩ። «ስጫወት ፊሽካውን ሾላው ላይ ሚስማር መትቼ እሰቅለዋለሁ። ፊሽካው አንገቴ ላይ ካለ አዘጋጅ ነኝ፤ ሚስማሩ ላይ ካለ ተጫዋች ነኝ።»

«ሁለቱም ላይ ከሌለስ?»

«ያኔ ጃንጥላ ጠጋኝ ነኝ።»

ልንገረው መዝገቡን ገልጦ «ሚስማር መምታት አልተከለከለም» አለ። ነገሩ በዚሁ ተቋጨ። ዕጣውም እንደ አዲስ ወጣ፤ መንበሩም እንደ ሰው መጫወት ግድ ሆነበት።

የውድድሩን ሕግ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ስድስት ነበሩ፤ አምስቱ ስለ መቀመጫ ናቸው፤ ምክንያቱም ከመቀመጫ በቀር ሰው የተጣላበት ነገር ትዝ አላለኝም። ሦስተኛው ሕግ፣ በአንድ ጨዋታ ከሦስት ጊዜ በላይ የተነሣ ይሸነፋል ይላል። ይህን ያወጣሁት ሰው ሲሸነፍ ውኃ ሽንት መጣብኝ እያለ ስለሚጠፋ ነበር።

በመጀመሪያው ዙር እኔ የጎበጠ ሚስማር እያቃና የሚሸጠውን ሰው አሸነፍኩ፤ መንበሩም የደረሰበትን አሸነፈ። ጋሽ ቢረሳው የገጠሙት ወረፋ ያዡን ነው፤ ሥራው በሰው ፋንታ መሰለፍ ስለሆነ ትዕግሥቱ አሰልቺ ነው። ጨዋታው መሀል ላይ ወረፋ ያዡ መብላት እያለበት ሌላ ሄደ። ጋሽ ቢረሳው አላዩም። እጃቸው ወደ ራሳቸው ቆርኪ ሲሄድ አየሁና ሳላስበው ፊሽካውን ነፋሁ።

«ምንድን ነው?» አለ ወረፋ ያዡ።

«መብላት ነበረብህ።»

«አንተ ምን አገባህ? እፍ ማለት የሳቸው ፋንታ ነው!»

እውነቱን ነው፤ እንዲህ ያለ ሕግ አልነበረም። ስለዚህ ጻፍኩ። እዚያው፣ በጉልበቴ ላይ፣ ሰባተኛ ሕግ ብዬ፦ «ስሕተት አይቶ ዝም ያለ አዘጋጅ ከአጥፊው እኩል ነው፤ ባላጋራው ቆርኪ ሳይነካ ፊሽካ ነፍቶ ያስቆም።» ጮክ ብዬ አነበብኩት። ሕዝቡ አጨበጨበ። ከሁሉም በላይ ያጨበጨበው መንበሩ ነበር፤ ያኔ ይህን ነገር ልብ አላልኩትም። ጋሽ ቢረሳው ቆርኪውን አነሡ፣ «እፍ» አሉ፣ አሸነፉም።

በሁለተኛው ዙር መንበሩ ከእትዬ አመልማል ጋር ገጠመ። እትዬ አመልማል ትመራ ነበር። ግን ያን ቀን የመንበሩን ዘመድ ሁሉ ቆሎ አማረው። አንዱ መጥቶ «እትዬ፣ አንድ ስፍር» ይላል፤ ተነሥታ ትሰፍራለች። ሌላው ይመጣል። አክስቱ መጣች። ሦስት ጊዜ ተነሣች። አራተኛው ሲመጣ፣

«ዛሬ ቆሎው አብቅቷል!» ብላ ጮኸች።

«ኧረ እዚህ ጆንያ ሙሉ አለ» ብሎ ሰውየው ከጆንያው ሊዘግን እጁን ሰደደ። እሷ እጁን ለመምታት ብድግ አለች።

መንበሩ ወደ እኔ ዞረ። አልተናገረም። ፊሽካውን ነፋሁ። ምን ላድርግ? የጻፍኩት እኔ ነኝ።

«ደባልቄ» አለች እትዬ አመልማል፣ ቀሚሷን እያራገፈች፣ «ስለ ቂጥ አምስት ሕግ ስታወጣ ስለ ዓይን አውጣ አንድ አጣህ?»

እኔ የደረሰኝ ጋሽ ቢረሳው ነበሩ።

አሁን ያሰብኩትን እንዳሰብኩት ልጻፍ። ጋሽ ቢረሳው ቢያሸንፉኝ ለፍጻሜው ከመንበሩ ጋር የሚቀመጡት እሳቸው ናቸው። ያኔ አዘጋጅ ብቻ ሆኜ በፊሽካ እጠብቃቸዋለሁ፤ ግን ጨዋታ በስሕተት ብቻ አይሸነፍም፤ ዓይናቸው ይከዳቸዋል። መንበሩ ካሸነፈ ጥላው ይታጠራል። ጥላው ከታጠረ ጋሽ ቢረሳው ዳማ ማየት አይችሉም። ስለዚህ ለጋሽ ቢረሳው ስል ጋሽ ቢረሳውን ማሸነፍ አለብኝ። ይህን ሳስብ ሾላውን ሦስት ጊዜ ዞርኩት፤ ልንገረው የሚያሳድደኝ ሰው እንዳለ ጠይቆኛል።

ተቀመጥን። ፊሽካው ሚስማሩ ላይ ነው። እኩል ለእኩል ስንሄድ ቆየንና ሳይታሰብ፣ በቀኝ በኩል የሚበላ እያላቸው በግራ ሄዱ። አላዩትም። እኔ ዝም ብል የራሴ ሕግ ይከሰኛል፤ ብናገር የምቀጣው የራሴን መምህር ነው። ቆርኪያቸውን አነሣሁና «እፍ» አልኩ። ከአፌ የወጣው ትንፋሽ አቧራ እንኳ አላስነሣም።

ጋሽ ቢረሳው ፈገግ አሉ። «ብላ ልጄ፣ ብላ። ሕግ አውጥቶ የማይበላ ደግሞ ማን ነው?»

ይህ ስድብ ይሁን ምርቃት እስከ ዛሬ አልገባኝም። አሸነፍኳቸው።

ለፍጻሜው ሦስት ቀን ቀረ። በእነዚያ ሦስት ቀናት በቂጤ የተቀመጥኩበት ጊዜ ትዝ አይለኝም። ጃንጥላ ቆሜ ሰፋሁ፣ ቆሜ በላሁ። ሰው በደጄ ሲያልፍ «በሁለት ቢላ» ይላል፤ አንዱ ደግሞ፣ «ሦስት ነው እንጂ! ጥላው ቢታጠር ፀሐይ ላይ የሚወጣው ሕዝብ ምን ይይዛል? ጃንጥላ!» አለ። እውነት ለመናገር ይህን አላሰብኩትም ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ሌላ ማሰብ አቃተኝ።

በዋዜማው ከሰዓት በኋላ መንበሩ የተቀደደ ጃንጥላ ይዞ ወደ ሱቄ መጣ።

«ጠግንልኝ።»

«ቁጭ በል።»

«ተሸነፍልኝ አልልህም» አለ፣ ሳልጠይቀው። «ስለ አየሩ ነው የማወራህ። ዘንድሮ ፀሐዩ ይከራል ይላሉ። ፀሐይ የሁሉም ናት፤ ጃንጥላ ግን ያንተ ብቻ ነው። እኔ አጥሬን ባጥር፣ አንተ ሰፍተህ አትችለውም።»

«መንበሩ፣ ጃንጥላህን ይዘህ ውጣ።»

«ሳትጠግነው?»

እሱም እውነቱን ነው። ጠገንኩለትና ይዞ ወጣ።

የፍጻሜው ዕለት ከተማው ሁሉ ሾላው ሥር ገባ። ልንገረው ሰው ከመስመር እንዳይወጣ ሲጮህ ድምፁ ዘጋ። ጋሽ ቢረሳው ከድንጋዩ ጥግ፣ ከእጄ አንድ ክንድ ርቀው ተቀመጡ። ፊሽካውን ሚስማሩ ላይ ሰቀልኩና ጀመርን።

መንበሩ ሲጫወት ሰሌዳውን አያይም፤ ሰውን ነው የሚያየው። እኔ ደግሞ ሁሉንም ነገር አየሁ፤ ቆርኪውን፣ ሕዝቡን፣ ሚስማሩን፣ ፀሐይዋን። ቢሆንም መራሁት። እኔ አምስት ቆርኪ ቀረኝ፣ እሱ አራት። አንዱ ቆርኪዬ ሊነግሥ ሁለት እርምጃ ቀረው። የነገሠ ቆርኪ ወደ ፊትም ወደ ኋላም ይበላልና ከነገሠልኝ ጨዋታው አበቃ።

ያኔ ነው የሆነው። በግራ በኩል የሚበላ ቆርኪ ነበረኝ። ብበላው ግን የበላሁበት ቦታ ላይ ቁጭ እንዳልኩ እሱ መጥቶ ሁለት ይበላብኛል፤ የሚነግሠውም ይቀራል። ሳልበላ፣ የሚነግሠውን አንድ እርምጃ ገፋሁት።

አይቼ ነው ወይስ ሳላይ? እጄ ነው የቀደመችው ብዬ እምላለሁ፤ ግን ማን ያስምለኛል?

መንበሩ አላየም። እጁን አንሥቶ ሰሌዳው ላይ አንዣበበ። የራሱን ቆርኪ ከነካ ያለፈው አለፈ። «ንካ» አልኩ በልቤ፤ «ንካና ልገላገል።» እሱ ግን ፊቴን ያያል፤ ፊቴ ላይ የሆነ ነገር ሳይታየው አልቀረም፤ አይነካም። ከኋላዬ ፊሽካው በነፋስ ሾላውን ሲነካ ቀጭ፣ ቀጭ ይላል። ሰባተኛውን ሕግ ያነበብኩበት የራሴ ድምፅ ጆሮዬ ላይ ጮኸ። «...ያስቆም። ...ቁም።»

ተነሣሁ። ፊሽካውን ከሚስማሩ አውርጄ አንገቴ ላይ አጠለቅሁና ነፋሁ።

መንበሩ እጁን እንደተቃጠለ ሰው ሰበሰበ። «ምን አጠፋሁ? ገና አልነካሁም እኮ!»

«አንተ አይደለህም። ተጫዋቹ ነው።»

«የቱ ተጫዋች?»

«ደባልቄ።»

«ደባልቄ አንተ አይደለህም እንዴ?»

«አሁን አዘጋጁ ነኝ። መብላት ነበረበት፣ አልበላም» ብዬ ባዶ መቀመጫዬን በጣቴ አሳየሁት። ሕዝቡ ሁሉ ባዶውን ድንጋይ በወቀሳ ዓይን አየው። ልንገረው መዝገቡ ላይ «ተጫዋቹ አንድ ጊዜ ተነሥቷል» ብሎ ጻፈ።

መንበሩ ሰሌዳውን ለመጀመሪያ ጊዜ አየ። ፊቱ ቀስ እያለ በራ። ቆርኪዬን በሁለት ጣቱ አነሣና፣ ጉንጩን ነፍቶ፣ «እፍፍፍ!» አለ። ምራቁ እኔ ጋ ደረሰ።

ፊሽካውን መልሼ ሰቀልኩ፣ ተቀመጥኩ፤ ሊነግሥ የነበረው ቆርኪዬ ጠባቂውን አጥቶ ተበላ፤ በአምስት እርምጃ ተሸነፍኩ።

እትዬ አመልማል መጥታ ከፊቴ ቆመች። «ሐቀኛ ልበልህ ወይስ ሌባ?» አለች። «ቆይ፣ አስቤ እነግርሃለሁ።»

በማግሥቱ ቆርቆሮው መጣ። መንበሩ ሾላውን በዙሪያው አጠረው፤ በር አወጣለት፤ በሩን ቆለፈው። ውስጥ ማንም አይቀመጥም፤ እሱንም ፀሐይ አያስቸግረውም። «የኔ መሆኑ ይበቃኛል» አለ። ልንገረው ጠመኔውን ይዞ በሩ ላይ ቆመ፤ ጥላውን ለማስመር እንዳይገባ ተከለከለ። ከአጥሩ አልፎ ወደ ውጭ የሚወድቀው ጥላ ደግሞ ከሥልጣኑ ክልል ውጭ ነው።

ፀሐዩም እንደተባለው ከረረ። በሦስተኛው ቀን ደጄ ላይ የተሰበረ ጃንጥላ ወገቤ ድረስ ተቆለለ። እትዬ አመልማልም የራሷን ይዛ መጣች።

«አስቤ ጨረስኩ» አለች።

«ምን ሆንኩ?»

«ሌባ። ግን ጎበዝ ሌባ። ጥላ ሰርቆ ጃንጥላ የሚሰፋ ሰው እስከ ዛሬ አላየሁም። ይቺን ዘንጓን አጥብቅልኝ።»

ብነግራት ማን ያምነኛል? መንበሩ በዋዜማው ሱቄ ገብቶ ሲወጣ ያላየ የለም። የጠገንኩለትን ጃንጥላ ይዞ ነው የወጣው።

ከአሸናፊዎች ጽሕፈት ቤትም ሰው ተላከ። ማሸነፍ ሲችል ያላሸነፈ ሰው በአዋጁ አልታሰበም፤ ቅጣት አልተጻፈለትም። ስለዚህ የዳማን ሕግ አገላብጠው ነበር የመጡት። መልእክተኛው ከፊቴ ቆሞ ወረቀቱን አነበበ፣ አጣጥፎ ኪሱ ከተተ፣ ኮሌታውን አስተካከለ፣ ከዚያም ፊቴ ላይ በመጠኑ «እፍ» አለ። ፊሽካውን ተቀብሎኝ ሄደ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በጥላ መዝገብ ላይ ስሜ የለም።

መቀመጥ አሁንም እንቢ አለኝ። ጋሽ ቢረሳው ከቤት አይወጡም ይሉኛል። ስሠራ ውዬ የተረፈኝን ቁራጭ ጨርቅ ሁሉ፣ ጥቁሩን ከአበባው፣ የባልቴቷን ከመልእክተኛው፣ ገጣጠምኩና አሥራ አንድ የተሰበሩ ጃንጥላዎች አንድ ሆኑ። ስዘረጋው ስምንት ሰው ይችላል። ከመንበሩ አጥር የተረፈ ቁራጭ ቆርቆሮ ሜዳ ላይ ወድቆ አገኘሁ። በላዩ የዳማ ሰሌዳ የሚያሰምርልኝ ስፈልግ ልንገረው ሥራ ፈትቶ ቆሟል፤ ጠመኔውን አበደረኝ። ቀጥሎም እንደ ልማዱ ጃንጥላውን ዞሮ አየው፤ እኔም ፈራሁ።

«ይህ ጥላ በመዝገብ የለም» አለ።

«እና?»

አሰበ። «የሌለ ጥላ ሥር የተቀመጠ ሰው ፀሐይ ላይ እንደተቀመጠ ይቆጠራል። ፀሐይ ላይ ደግሞ ስብሰባ የለም፤ ሙቀት ነው እንጂ። አሸናፊ አያስፈልገውም» አለና ጫማውን አውልቆ ገባ። «ደባልቄ፣ ትንሽ ጠጋ በልልኝ።»

ጋሽ ቢረሳውን እጃቸውን ይዤ አመጣኋቸው። ጃንጥላው እንደ ሾላው አይደለም፤ በጨርቁ ቀዳዳ ብርሃን ይገባል። ቆርኪዎቹን ዳሰሱ። «አላያቸውም» አሉ። «ግን ቆርቆሮ ነው አይደል? ደርድር።»

ጀመርን። ቆርኪ ቆርቆሮ ላይ ሲሄድ ሸርር ይላል፤ ሲበላ ቀጭ ይላል። ጭንቅላታቸውን ዘንበል አድርገው ያዳምጣሉ። መሀል ላይ ስንደርስ አላስቻለኝም።

«ጋሼ፣ ያን ቀን አይቼ ነው ወይስ ሳላይ?»

«የቱን?»

«የሚበላውን።»

«እኔ ዓይን የለኝም፣ ምን ብዬ እመሰክራለሁ» አሉ። «ጆሮዬ ግን ሰማ። ድንጋይ ላይ ቆርኪ ሲነካ ድምፅ አለው። እጅህ መጀመሪያ በግራ አረፈች፤ ቀጭ አለ። ከዚያ ተነሣች፤ ሌላውን ገፋች።»

ልንገረው ወደ ሌላ አየ።

«እርስዎ ሰምተው ለምን ዝም አሉ?»

«ማሚቶ ሰው ሳይናገር ይናገራል እንዴ? ስትናገር ልደግምልህ ጠበቅሁ። ፊሽካው እስኪነፋ ድረስ ስንት ጊዜ እንደተነፈስክ ቆጠርኩ።»

«ስንት?»

«አሥራ አንድ።»

አንድ ቆርኪ ገፋሁ። «አሥራ አንድ ብዙ ነው፣ ጋሼ?»

አሰቡ። «ለሰው ብዙ ነው» አሉ። «ለሹም ግን ጥቂት ነው።»

ይህን ሰምቼ፣ ከብዙ ሳምንት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ መሬቱ ላይ ደልደል ብዬ ልቀመጥ ስል፣ እጃቸው ቆርቆሮውን እየዳሰሰች መጥታ አንድ ቆርኪዬን አነሣች። ወደ አፋቸው አስጠጉት።

«ስናወራ መብላት ረሳህ» አሉና፣ «እፍ።»